ዐሥራ አንድ ሰከንድ

ቺሎዬ ደሴት ላይ፣ ዝናብ በማያባራበት፣
የቺሊ ምድር ተቆራርሶ ወደ ባሕር በሚገባበት፣
አንድ ክፍል ብቻ አለው ትምህርት ቤቱ፤
እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደረበ እንጨት ነው ግድግዳና አናቱ።

ሰዓት መቁጠሪያዬ፣ የተሰመረ ቅጽ፣
እርሳስ በጆሮዬ፣ ልሞላው አርባ ገጽ፣
ከቫልዲቪያ መጣሁ፣ በአውቶቡስ፣ በጀልባ፤
ጫማዬ ውኃ እንዳዘለ በሩን አልፌ ስገባ፣
መምህርት ኤዱቪና ወንበር ሳበችልኝ ከምድጃው ጎን፤
«እግርህን አድርቅ፣» አለችኝ፣ «ከዚያ ቁጠረን።»

ሦስት ቀን ቆጠርኩ።
ማን ጠየቀ፣ ማን መለሰ፣
ማን እጁን አነሳ፣ ማን አፍንጫውን አበሰ፣
በመሐል ስንት ሰከንድ ፈሰሰ።
እነርሱም ያጠናሉ፣ እኔም አጠናለሁ፤
እነርሱ ማባዛትን፣ እኔ ደግሞ እነርሱን፤
አንድ ቃል ነው፤ ግን ቃሉ አላገናኘንም ሁላችንን።

ረቡዕ ማታ፣ ጀልባው በማዕበል ቀርቶ፣
ቅጼ በምሳ ጠረጴዛዋ ላይ ተዘርግቶ፣
የልጅ ደብተር እንደምታርም
አነበበችው፣ በቀይ እርሳስ። እኔ ዝም።

«ይህ ምንድን ነው?» አለች። «ሩፔርቶ። ማክሰኞ፣ ጠዋት።
ጥያቄ አንድ፣ መልስ የለም፤ ዐሥራ አንድ ሰከንድ የባከነ ሰዓት።»
«ልኬቱ ነው፣» አልኳት።

«አባቱ ዛጎል ያረባል፤ ባሕር ላይ ገመድ ይዘረጋል።
ስምንት ጊዜ ሰባት ስለው ልጁ አይመልስም፤ ይጓዛል፤
በሐሳቡ ታንኳ ከገመድ ወደ ገመድ እያለ፣
በያንዳንዱ ገመድ ሰባት ቅርጫት እያንጠለጠለ።
‹ሃምሳ ስድስት› ሲለኝ፣ በዐሥራ ሁለተኛው፣
አንተ ሌላ መስመር ላይ ነበርክ፤ እጅህ አልሰማው።»

ልክ ነበረች። ጆሮዬ ጋለ።
ዳሩ ግን ከቅጹ መሐል አንድ ገጽ አለ፤
ልተወው አልኩ፦ እንግዳ ነኝ፣ እሳቷን እሞቃለሁ፤
ደግሞ አሰብኩ፦ ካልነገርኳት ለምን መጣሁ?

«ኖልፋን እይልኝ፣ መስኮቱ ሥር ያለችውን።»
«ኖልፋ? ጎበዝ ልጅ ናት፤ አታስቸግርም ማንንም።»
«ሦስት ቀን ሙሉ፣ ስሟ አንድ ጊዜ እንኳ አልተጠራም።»

መነጽሯን አወለቀች።
የሰኞን፣ የማክሰኞን፣ የረቡዕን ዓምድ በጣቷ ተከተለች፤
«ሃያ ሁለት ዓመት አስተማርኩ፣» አለች፤
«ከፊት የሚጮኸውን ሳበርድ፣ ከኋላ የሚያንቀላፋውን ሳነቃ፣
መስኮቱን…»
ዐረፍተ ነገሩ አላለቀም። እርጥቡ እንጨት ተንጣጣ።
ያንን ዝምታ አልቆጠርኩትም።

ሐሙስ ተለዋወጥን፤ ጠመኔው ለእኔ፣ ሰዓቱ ለእሷ።
ጠየቅኩ፤ መልሱንም ራሴው መለስኩ፣ ሳልተነፍስ ቸኩዬ፤
ከኋላ ወንበር ሦስት ጣት አነሳችልኝ። ሦስት ሰከንድ።
ልጆቹ ሳቁብኝ፤ ከሁሉ አብልጦ ሩፔርቶ።

አልተስማማንም በሁሉም።
ቅጽህ ጠባብ ነው ትለኛለች፤ ያለ ቅጽ ግን፣ እላታለሁ፣
ዝምተኛ ልጅ ከግድግዳ አትለይም።
በስተመጨረሻ አንድ ዓምድ ጨመርን፣ በእርሳስ፣ በኅዳጉ፤
«ምን እያሰበች ይሆን?» የሚል።
«ይህ አይለካም፣» አልኳት።
«አይለካም፤ ይጠየቃል፣» አለች፣ እርሳሴን ሳትመልስ።

ዓርብ። ጀልባው ከወደቡ ጡሩምባውን ነፋ።
ወደ መስኮቱ ዞረች። «ኖልፋ፣
ከስምንቱ አንዱ ገመድ ቢበጠስ፣ ስንት ቅርጫት ቀረ?»
ልጅቷ ቀና አለች፤ ከንፈሯ ተከፈተ፣ ተመልሶ ታሠረ።

አምስት። ዘጠኝ። ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል፤
ሩፔርቶ መልሱን ያውቃል፣ አፉን በመዳፉ ከድኗል።
ዐሥራ አንድ።
ዐሥራ አራት።
ጀልባው ደግሞ ጠራ። ቦርሳዬ በሩ ላይ ነው።
ኤዱቪና ሰዓቱን በመዳፏ ሸፈነችው፤
እኔም እርሳሴን ጆሮዬ ላይ መለስኩት፤
ቆመን ጠበቅን።